በአውራ ጣቴ ያሳየሁት ልክ

አባቴን መርሳት ጀምረሃል ብዬ ያሳመንኩት እኔ ነኝ። ምንም አልረሳም። ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ የደንበኞቹን ስልክ ቁጥር በቃሉ ይጠራል፤ በአሥር ዓመቴ የሰበርኩትን የጎረቤት መስኮት እስካሁን እያነሳ ይስቅብኛል። እኔ ግን አንድ ቀን ከሰዓት፣ ዘመድ በቆመበት ክፍል ውስጥ፣ አውራ ጣቴን አንድ እንጨት ላይ አሳረፍኩና የአርባ ዓመት ልኩን አስጣልኩት። ሁለት ወር ሳይሞላ የአናጢነት ሱቁን ሊዘጋ ተነሳ።

እንዴት እዚያ እንደደረስኩ ለመናገር ሥራዬን መናገር አለብኝ።

የአንድ ሪል እስቴት ድርጅት የልማትና የኢንቨስትመንት ዳይሬክተር ነኝ። መሬት እመርጣለሁ፣ ባለሀብት አሳምናለሁ፣ ገና መሠረቱ ያልወጣ ፎቅ እሸጣለሁ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ለዚህ ዕድሜ ወንበሩ ትልቅ ነው። ሰዎች ምስጢሩን ሲጠይቁኝ «ጠንክሮ መሥራት» እላለሁ። ውሸት ነው። ምስጢሩ አልጋ ነው።

ከአምስት ዓመት በፊት በሥነ ሕንፃ ተመርቄ እዚሁ ድርጅት ታናሽ ንድፍ ሠሪ ሆኜ ስገባ፣ የምንሸጠው አፓርታማ መኝታ ክፍሉ ጠባብ ነበር። ገዢ ይመጣል፣ ማሳያ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ ያያል፣ «እናስብበት» ብሎ ይሄዳል፤ አይመለስም። ድርጅቱን ያቋቋመው አለቃችን፣ ሳቅ ከፊቱ የማይጠፋ ሰው፣ ሰበሰበንና «ግድግዳ መግፋት አልችልም፤ ሌላ ነገር አምጡ» አለ። ሁሉም ስለ ቀለም ማውራት ጀመረ። ነጭ ይሁን፣ ክሬም ይሁን፣ አንድ ሰዓት ሙሉ። ትዕግሥቴ አለቀ፤ እጄን አወጣሁ።

«ሰው ክፍልን በሜትር አይለካም» አልኩ። «በሚያውቀው ዕቃ ነው የሚለካው። አልጋ ያያል፤ አልጋ ምን ያህል እንደሆነ ያውቃል፤ የተረፈውን ቦታ ዓይኑ ይገምተዋል። አልጋውን እናሳንሰው።»

«አያውቁብንም?» አለ አለቃችን።

«ሁሉንም እኩል ካሳነስነው አያውቁም። አልጋውንም፣ ኮሞዲኖውንም፣ ቁም ሳጥኑንም፣ ትራሱንም። የውስጥ በሮቹን ደግሞ እንነቅላቸዋለን። በር ሲከፈት ቦታ ይበላል፤ ከሌለ ግን ማንም አያስታውሰውም።»

አለቃዬ ሳቁን አቆመ። «እስከ ስንት ማሳነስ ይቻላል?»

«እስከ ሰማንያ አምስት በመቶ።»

ሕግ አልጣስንም። የክፍሉ ስፋት ውሉ ላይ በትክክል ተጽፏል፤ የሚያነበው የለም እንጂ።

ሥዕሉን በሁለት ቀን አምጪ ተባልኩ። አዲስ አልጋ ቁጭ ብዬ የምነድፍበት ፋታ አልነበረኝም። ኮምፒውተሬ ውስጥ አንድ የተሟላ የአልጋ ሥዕል ነበር፤ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ «አንድ የቤት ዕቃ ለክታችሁ ሣሉ» ተብለን የሣልኩት የአባቴ አልጋ። ራስጌው ላይ ሦስት ቅጠል ተቀርጾበታል። አባቴ ዕድሜ ልኩን የሚሠራው እሱን ነው፤ ግማሹ ዘመዳችን የሚተኛው እሱ ላይ ነው። እኛ ቤት ብቻ የብረት አልጋ ነው ያለው፤ የእንጨቱን ሠርቶ ሳይጨርስ ገዢ ይመጣበታል። ያን ጊዜ አልጋውን ስለካ የሜትሩን ጫፍ ይዞ የቆመልኝ ራሱ ነበር፤ «ወጥሪው እንጂ፣ አታላይው» እያለ። ሥዕሉን ከፈትኩ፣ ሁሉንም መረጥኩ፣ ዜሮ ነጥብ ሰማንያ አምስት ብዬ ጻፍኩ። አራት ሰከንድ ፈጀብኝ።

ለአባቴ አልሰጠሁትም። ከተማው ማዶ ላለ ሌላ አናጢ ወሰድኩት። ሰውዬው ወረቀቱን ገለባበጠና «እዚህ ላይ ማን ሊተኛ ነው?» አለኝ።

«ማንም» አልኩት።

ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ፎቁ ተሸጦ አለቀ፤ ቀጣዮቹንም በዚያው ማሳያ ቤት ሸጥን። የማሳያ ቤቶች ኃላፊ ሆንኩ፤ ቀጥሎ የሽያጭ፤ ቀጥሎ አሁን ያለሁበት። ቢሮ ውስጥ ስሜ «ሰማንያ አምስት» ነው። «ወሬ አቁሙ፣ ሰማንያ አምስት መጣች» ይባባላሉ። አንድ ሌሊት ዘበኛው አልጋው ላይ ተኝቶ ተያዘና ሲጠየቅ «እግሬን ግርጌው ላይ ሰቅዬ ነው ያደርኩት፤ እንቅልፍ አይባልም፣ አትቅጡኝ» አለ። አንድ ሳምንት ተሳቀበት። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ አልጋው ላይ መቀመጥ ክልክል ነው የሚል ደንብ ጻፍኩ።

አባቴ አንድ ቀን ሊጠይቀኝ ቢሮ መጥቶ ስሜን ሰማ። የፈተና ውጤት መሰለው። «ከመቶ ሰማንያ አምስት እኮ ቀላል አይደለም» እያለ ለደንበኛው ሁሉ አወራ። አላረምኩትም።

አክስቴ የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ባሏ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ከቁመቱ የተነሳ ቤተሰቡ በሙሉ «ምሰሶው» ይለዋል። ወገቡን መኪና ላይ ጎድቶታል፤ ሐኪሙ ቀጥ ብሎ ካልተኛ እንደሚብስበት ነግሮታል። ሠላሳ ዓመት በኪራይ ቤት ኖረው አሁን የራሳቸውን ሊገዙ አሰቡ። የት ይሂዱ? የወንድሟ ልጅ ጋ።

ሳትደውል መጣች። እኔ ከአለቃዬና ከሁለት ባለሀብቶች ጋር ማሳያው ቤት ውስጥ ነበርኩ። መኝታ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ስትደርስ እጇን አጨበጨበች።

«እንዴ! የወንድሜ አልጋ!» ሦስቱን ቅጠል በጣቷ ዳሰሰች። «አንቺ ልጅ፣ የአባትሽን አልጋ እዚህ አመጣሽው? ተባረኪ! እኔ እኮ እዚህ ላይ ነው ያረጀሁት።» አልጋውን ዞረችው። ቀሚሷ ግድግዳውን አልነካም። «ይሄማ ለምሰሶው ይበቃል። የወንድሜን አልጋ በጨለማም አውቀዋለሁ፤ እሱ ገብቶ ይሄን ያህል መተላለፊያ ከተረፈ ሌላ ምን እፈልጋለሁ!»

ባለሀብቶቹ ፈገግ ብለው ያዩን ነበር። እንዲህ ያለ ምስክር ተፈልጎም አይገኝ። አለቃዬ በዓይኑ ጠቀሰኝ።

«አይደለም እንዴ፣ ልጄ?» አለች አክስቴ።

«ነው፣ አክስቴ» አልኩ።

ልትቀመጥበት ስትል ግን ክንዷን ይዤ አስነሳኋት። ደንብ ነው አልኳት።

ቁልፍ በተረከቡ ሳምንት አባቴ አዲስ አልጋ ሠርቶ በስጦታ አመጣላቸው። አሮጌውን አክስቴ ለኪራይ ቤቱ አዲስ ተከራዮች ትታላቸው መጥታ ነበር። እኔም ሄድኩ፤ የምቀርበት ሰበብ ስፈልግ ነው የዋልኩት፣ አላገኘሁም።

አባቴና ምሰሶው አልጋውን በክፍል በክፍል አስገብተው ገጠሙት። ምሰሶው ፍራሹን ጣለበትና «በይ ሙሽሪት፣ በሩን ዝጊውና እንየው» አለ። አክስቴ እየሳቀች በሩን ገፋችው። በሩ ግማሽ መንገድ ሄደና የአልጋውን ግርጌ መትቶ ቆመ። እንደገና ገፋችው። እንደገና መታ። ቁም ሳጥኑን ለመክፈት ደግሞ አልጋው ላይ መንበርከክ ነበረባት።

«በስተርጅና በር ከፍተን ልንተኛ ነው?» አለ ምሰሶው። «ሰው ምን ይለናል?»

«ምን የሚታይ ነገር አለህና!» አለችው።

አባቴ ብቻ አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ በሩ የመታውን ቦታ ያያል። «ማሳያው ቤት ገብቶ ነበር አላልሽኝም?» አላት።

«በዓይኔ በብረቱ አይቼ! ዙሪያውን ሄጄበታለሁ እኮ። ክፍሉ ያው ነው፣ አልጋው ያው ነው።»

ክፍሉስ ያው ነበር።

አባቴ ሥራ ላይ ቁጥር አይወድም። ሜትር አለው፤ የሚሠራው ግን በመለኪያ እንጨት ነው። አንድ ቀጭን ረጅም ጣውላ ሲሆን፣ ጎኑ ላይ የአልጋው ርዝመት፣ ወርዱ፣ የእግሩ ከፍታ በቢላ ተጭሮበታል፤ የጣውላው ጫፍ የርዝመቱ መጨረሻ ነው። ልኩን ከእንጨቱ ቀጥታ ሥራው ላይ ያሳርፋል። በመሃል ቁጥር ስለማይገባ ስሕተት አይገባም ይላል። መጀመሪያ የነበረውን እንጨት ያወረሰው ሙያውን ያስተማረው ሰው ነው። ያ ተሰነጠቀና፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ዓይኑን በታከመ ሰሞን፣ ጭረቶቹን ወደ አዲስ ጣውላ ገልብጦ አሮጌውን ጣለው።

ያን ዕለት እንጨቱን ይዞት መጥቶ ነበር። አልጋው ላይ አጋደመው። ልክክ አለ። ቀና ብሎ አየኝ።

«ስገለብጥ ተሳስቼ ይሆናል» አለ ቀስ ብሎ። «ዓይኔ ያኔ ደህና አልነበረም። አንቺ የድሮውን አልጋ ሥዕል ይዘሻል። ማሳያው ቤት ያለውን በሱ ነው ያሠራሽው?»

«አዎ፣ አባዬ።»

«እስኪ እንጨቱ ላይ አሳዪኝ። እስከ የት ነው?»

ክፍሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሦስት ሰው ብቻ ነበር፤ ሦስቱም ይወዱኛል። ያን ጊዜ ያሰብኩትን ልናገር። ዳይሬክተር ከሆንኩ አሥራ አንደኛ ቀኔ ነበር። አክስቴ ታለቅሳለች፣ ምሰሶው ውሌን አፍርሱልኝ ይላል፣ ሌሎቹ ገዢዎች ይሰማሉ ብዬ አሰብኩ። ደግሞ አባቴ የጠየቀኝ ሥዕሉን ነው፤ ያሳነስኩት ሥዕል ላይ አልጋው አንድ ሜትር ከሰባ ስምንት ነው፤ ስለዚህ መዋሸት አይደለም ብዬ ራሴን አሞኘሁ። አውራ ጣቴን እንጨቱ ላይ አሳረፍኩ፣ ከጫፉ ሠላሳ ሁለት ሳንቲሜትር መለስ ብዬ።

«እዚህ ጋ» አልኩ።

አባቴ ከጆሮው ኋላ እርሳሱን መዝዞ ጥፍሬ ሥር አሰመረ። «አየህ» አለው ምሰሶውን፣ «ይሄን ያህል ስቻለሁ። አባታችንም በዚህ ዕድሜው ነው ነገር መርሳት የጀመረው።»

«ኧረ ተወኝ! እኔ ሠላሳ ዓመት ተዘርግቼ የተኛሁበት አልጋ…»

«ሥዕል አይረሳም» ብሎ አቋረጠው አባቴ። «እሷ ተምራለች።»

አልጋውን እዚያው መተላለፊያው ላይ አሳጠረው፤ ፍራሹንም በቢላ ቆረጡት። በሩ ተዘጋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሰሶው የሚተኛው ከማዕዘን ማዕዘን ነው። አክስቴ «ለኔ የተረፈችኝ ቁራጭ መሬት ናት» እያለች ትቀልዳለች። ጠዋት ጠዋት ግን ካልጋ የምታነሳው ደግፋ ነው።

አባቴ ሱቁ ሲመለስ መጀመሪያ ያደረገው እንጨቱን በጥፍሬ ልክ መቁረጥ ነው። በተቆረጠው እንጨት ለአንድ የእንግዳ ማረፊያ አራት አልጋ ሠራ። የማረፊያው ባለቤት አልጋዎቹን አይታ «አባባ፣ እንግዶቼ ሕፃናት መሰሉህ?» አለችው። አራቱም ተመለሱ። አልተከራከራትም። ከዚያ በኋላ የሚመጣለትን ሥራ ሁሉ «ሌላ ሰው ጋ ውሰዱት» ማለት ጀመረ።

ይህን የነገረችኝ አክስቴ ናት፣ ስልክ ደውላ።

«አባትሽ ዕቃውን ሊሰጥ ነው» አለች። «መጋዙን፣ መላጊያውን፣ ሁሉንም። ነገ ከሰዓት ሊወስዱለት ይመጣሉ። ልኩ የጠፋበት አናጢ ምን ይሠራል ይለኛል። ትናንት ደግሞ የሱቁን ቁልፍ የት እንዳስቀመጠ ረስቶ ሲያለቅስ አገኘሁት። ቁልፍ ሁሉም ሰው ይረሳል እኮ! አንቺን ይሰማሻል፤ ሄደሽ አንድ ነገር በይው።»

«እሄዳለሁ፣ አክስቴ።»

«ተባረኪልኝ። ቤቱን ያገኘሽልን አንቺ፣ አልጋውን የሰጠን እሱ፤ ማንን ልቀየም?»

ምርቃቷ ጆሮዬን አቃጠለው።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ለአዲስ ፎቅ የሚመጡ ባለሀብቶች ነበሩኝ። ከዚያ በፊት፣ ገና በጠዋቱ፣ ሱቁ ሄድኩ። ወለሉ ተጠርጓል፤ ፍቅፋቂ የሌለበት የአባቴን ሱቅ ያን ቀን ነው ያየሁት። መሣሪያዎቹ በጨርቅ ተጠቅልለው ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። እሱ መጋዙን ዘይት እየቀባ ነበር፤ የሚወስደው ሰው ዝጎ እንዳያገኘው።

ቁጭ አላልኩም። «አባዬ፣ አልተሳሳትክም» አልኩ። «እንጨቱ ልክ ነበር። ማሳያው ቤት ያለውን አልጋ ሆን ብዬ ነው ያሳነስኩት፤ ክፍሉ ሰፊ እንዲመስል። ሰማንያ አምስት በመቶ።»

እጁ ቆመ። «ሰማንያ አምስት» አለ።

«አዎ።»

«ውጤትሽ መስሎኝ።»

መጋዙን ጠረጴዛው ላይ አጋደመው።

«እህቴ ቤትስ? ጣትሽን ስታሳርፊ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ጨርቁን አጣጥፎ አስቀመጠ። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢጮህ በወደድኩ። «ውሰጂኝ፤ ልየው» አለ።

«አባዬ፣ ዛሬ እኮ እንግዶች አሉብኝ…»

«ዕቃዬንም የሚወስዱት ዛሬ ነው።»

መደርደሪያው ሥር ጎንበስ ብሎ እንጨቱን አወጣ። ቀጥሎ የተቆረጠውን ሠላሳ ሁለት ሳንቲሜትር። አልጣለውም ነበር።

ማሳያው ቤት ስንደርስ ማንም አልመጣም። አባቴ መኝታ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ቆሞ መጀመሪያ ያየው መቃኑን ነው። የተነቀለው ማጠፊያ ቀዳዳ በስቱኮ ተደፍኗል፤ በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገው። ከዚያ ገብቶ የተቆረጠውን እንጨት አልጋው ላይ አጋደመ። ከራስጌ እስከ ግርጌ ልክክ አለ። ቁራጩን ጫፉ ላይ ቀጠለው። ቁራጩ ከግርጌው አልፎ አየር ላይ ቀረ።

ብዙ አየው። ትከሻው ወረደ።

«ደህና ነኝ» አለ። ለእኔ አልነበረም የሚናገረው።

ቅጠሎቹን ዳሰሰ። «ሰውዬው ሙያ አለው። ትንሽ ቅጠል መቅረጽ ከትልቁ ይከብዳል።» ከዚያ ሳያየኝ፣ «ስትሥዪው ሜትሩን የያዝኩልሽ እኔ ነበርኩ አይደል?»

«አንተ ነበርክ።»

«ለእህቴ አንቺ ነሽ የምትነግሪያት። ዛሬውኑ።»

«እሺ፣ አባዬ። ለሁሉም እነግራለሁ።»

ከልቤ ነበር። የውጭው በር ሲከፈት ግን አለቃዬ ሦስት ባለሀብቶች አስከትሎ ገባ፤ ሳቁ ከሱ ቀድሞ ነው የገባው። «ይቺ ናት» አላቸው ወደ እኔ እያመለከተ፣ «ፎቁን በስድስት ሳምንት የሸጠችው!» ከሦስቱ አንዷ፣ መነጽር ያደረገች ሴት፣ ባዶውን መቃን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«በሮቹ የት አሉ?» አለች።

አለቃዬ መልስ ሳይሰጥ ዓይኑ አባቴ ላይ አረፈ፤ ሰጋቱራ ባለበት ሹራቡ ላይ፣ እጁ ላይ ባለው እንጨት ላይ። «እኚህስ ማን ናቸው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። አባቴም ዞረ።

«አናጢ ናቸው» አልኩ። «ለበሮቹ ልክ ሊወስዱ ነው የመጡት።»

አባቴን በዕድሜዬ አንቱ ብዬው አላውቅም።

ለአፍታ ያህል አየኝ። ከዚያ ወደ መቃኑ ሄዶ እንጨቱን በወርዱ አጋደመ፤ ቢላውን ከኪሱ አውጥቶ የሚደርስበት ቦታ ላይ ጭረት ጫረ። በጥንቃቄ ጫረው፣ የእውነት ሥራ እንደያዘ ሰው። እኔ ያልኩትን እውነት ሊያደርግልኝ።

«አዎ፣ አናጢ ነኝ» አላት ሴትየዋን። ወደ እኔ ዞሮ አንገቱን ዝቅ አደረገ። «ልኩን ወስጃለሁ፣ እመቤቴ። ሌላ የሚያዙኝ አለ?»

«የለም» አልኩ። «አመሰግናለሁ።»

ቁራጩን ከአልጋው ላይ አንስቶ ከእንጨቱ ጋር ብብቱ ሥር ያዘው። ባለሀብቶቹ መንገድ ለቀቁለት። አለቃዬ ስለ ክፍሉ ስፋት መናገር ጀምሯል፤ ሴትየዋ አልጋውን እያየች አንገቷን በእሺታ ትነቀንቃለች። በማሳያው ቤት ያለው በር የውጭው ብቻ ነው። አባቴ ከፈተው፣ ማጠፊያውን ቀና ብሎ አየ፣ እጀታውን አንዴ ሞከረና ወጣ፤ ከኋላው ቀስ አድርጎ፣ እስኪገጥም ድረስ ዘጋው።